ከርሾ ጓንቱን ሰቀለ፤ የኦክቶበሩን ሒሳብ እንዴት እናወራርደው?

ሰማያዊ ኮፍያ፦

ሰላም ለቤቱ። የቤዝቦሉ ወርዋሪ ክሌይተን ከርሾ በሴፕቴምበር 2025 በቃኝ አለ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ክለቡ ዶጀርስ ቶሮንቶን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ እሱም ሦስተኛ የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ቀለበቱን ይዞ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መደበኛው ውድድር ላይ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። 18 የውድድር ዘመን በአንድ ክለብ፣ 223 ድል በ96 ሽንፈት፣ ኢአርኤ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ በአማካይ የሚጻፍበት ነጥብ፤ ሲያንስ ይሻላል) 2.53፣ 3,052 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት)፣ ሦስት ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፤ 2011፣ 2013 እና 2014)። በ2014 ኤምቪፒም (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) ሆኗል፤ ከናሽናል ሊግ ወርዋሪዎች ከቦብ ጊብሰን 1968 በኋላ ያን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ጭቅጭቁ ያለው ፕሌይኦፍ (በኦክቶበር የሚደረገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) ላይ ነው። 13 አሸንፎ 13 ተሸንፏል፤ ኢአርኤው 4.62። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ የሁለት ነጥብ ልዩነት።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ከእሱ ነው፣ ከአሠልጣኞቹ ነው ወይስ ከዕድል? ሁለተኛ፣ የ2020ው ዋንጫ መደበኛው ውድድር 60 ጨዋታ ብቻ ስለነበር «ግማሽ ዋንጫ ነው» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው? ሦስተኛ፣ ከቀድሞው የዶጀርስ ወርዋሪ ከሳንዲ ኮፋክስ ጋር ሲተያይ የትኛው ይበልጣል?

ጉንጭ አልፋ ክርክር አልፈልግም። «ልብ የለውም» ወይም «አምላክ ነው» ብሎ ሊሄድ የመጣ ይለፈኝ። ውሃ የሚያነሳ ነገር ያለው ይጻፍ።

ቁጥር አይዋሽም፦

ሰማያዊ ኮፍያ፣ በመጀመሪያ ሒሳቡን እናጥራው፤ ሰዉ 4.62ን ይዞ የሚሮጠው ውስጡን ሳያይ ነው።

ኢአርኤ ማለት በወርዋሪው ሒሳብ የተጻፉት ነጥቦች በ9 ተባዝተው፣ ለወረወራቸው ኢኒንጎች (የጨዋታው ክፍሎች፤ ዘጠኝ ናቸው) ሲካፈሉ የሚመጣው ነው። በተከላካዮች ስህተት የገባ ነጥብ አይታሰብበትም። ከርሾ በፕሌይኦፍ 196 ኢኒንግ ከ2 አውት (አውት ማለት አንድ ሰው ማስወጣት ነው፤ ሦስት አውት አንድ ኢኒንግ ይሞላል) ወርውሮ 101 ነጥብ ተጽፎበታል። ቁጥሩ የአንድ መደበኛ ውድድር ዘመን ሥራ ያህል ነው፤ ግን በ2008 እና በ2025 መካከል ተበትኖ ያለ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን አራት ሌሊቶችን ነጥላችሁ አውጡ፦

2013፣ በሴንት ሉዊስ፣ የሊጉ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ 4 ኢኒንግ፣ 7 ነጥብ።
2014፣ ከዚያው ከሴንት ሉዊስ ጋር የመጀመሪያው ጨዋታ፣ 6 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ 8 ነጥብ።
2017፣ በሂዩስተን፣ የወርልድ ሲሪስ አምስተኛ ጨዋታ፣ 4 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ 6 ነጥብ።
2023፣ ከአሪዞና ጋር፣ አንድ አውት ብቻ፣ 6 ነጥብ።

በጠቅላላ 15 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ 27 ነጥብ። ቀሪው 181 ኢኒንግ ላይ 74 ነጥብ ነው፤ ኢአርኤው 3.68 ይመጣል። ይህ በፕሌይኦፍ ደህና ወርዋሪ የሚባል ሰው ቁጥር ነው፤ ግን 2.53 አይደለም። ስለዚህ «አራት መጥፎ ሌሊት እንጂ ሌላ ችግር የለበትም» የሚለው የልዩነቱን ግማሽ እንኳን አይሸፍንም። በዚያ ላይ መጥፎ ቀን እየነቀሉ መቁጠር ከተፈቀደ ሁሉም ሰው ታላቅ ይሆናል።

ሁለተኛው የተለመደ ሰበብ ቡልፔኑ (ተቀያሪ ወርዋሪዎቹ) ነው፤ እሱንም አሰላነው። ወርዋሪ ሯጮችን ቤዝ (ወደ ነጥብ የሚያደርሱት ማረፊያዎች) ላይ ትቶ ከወጣና የተተካው ሰው ካስገባቸው፣ ነጥቡ የሚጻፈው በወጣው ሰው ስም ነው። ከርሾ ላይ ይህ በግልጽ ከደረሰባቸው ጨዋታዎች አራቱን እንውሰድ። በ2014ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ የሴንት ሉዊሱን ካርፔንተርን ሁለተኛ ቤዝ ላይ ትቶ ወጣ፤ ማት ሆሊደይ በተተኪው በፔድሮ ባዬዝ ላይ ሆም ራን (መቺውንም ሯጮቹንም የሚያስገባ ምት) መትቶ አስገባው፤ 1 ነጥብ። በ2015 ከሜትስ ጋር ሦስቱም ቤዞች ሞልተው ወጣ፤ ዴቪድ ራይት በዚያው ባዬዝ ላይ መትቶ 2 አስገባ። በ2016 ከዋሽንግተን ጋር በአራተኛው ጨዋታ እንደገና ሦስት ሯጭ ትቶ ወጣ፤ ሦስቱም ገቡ። በ2017 ሂዩስተን ላይ ሁለት ትቶ ወጣ፤ አልቱቬ በማኤዳ ላይ ሆም ራን መታ። ድምሩ 8 ነጥብ። ስምንቱንም ብንሰርዝለት 93 ይቀራል፤ ኢአርኤው 4.26 ይሆናል። ጠቅሞታል፤ ግን ታሪኩን አልቀየረውም።

ሦስተኛው ሰበብ ዕረፍት ማጣት ነው። ከ2013 እስከ 2016 ለአራት ዓመታት በተከታታይ የመጀመሪያው ዙር አራተኛ ጨዋታ ላይ በሦስት ቀን ዕረፍት ብቻ አስወርውረውታል፤ ለጀማሪ ወርዋሪ የተለመደው አራት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሚገርመው ነገር፣ አራቱ ጨዋታዎች ሲደመሩ 25 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ 9 ነጥብ፣ ኢአርኤ 3.16 ነው። ያለ በቂ ዕረፍት የወረወረባቸው ቀናት ከአማካዩ የተሻሉ ናቸው። ስለዚህ ይህን ሰበብ እዚሁ እንቅበረው።

ጨው ጨምርበት፦

ቁጥር አይዋሽም፣ እጅህ ይባረክ፤ የኔን ሥራ ሠራህልኝ። ሰበቦቹ ተቆጥረው አለቁ፤ አሁንም ቢያንስ አንድ ነጥብ ተኩል የሚሆን ልዩነት ቀርቷል። የቀረው የሰውዬው ነው።

ነጥቦቹ መቼ እንደገቡ ደግሞ እዩ። በ2014 አራተኛው ጨዋታ 2 ለ 0 እየመሩ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ማት አዳምስ ስላይደሩን (መጨረሻ ላይ የሚታጠፈውን ኳስ) ለሦስት ነጥብ መታው፤ ዓመቱ እዚያ አበቃ። በ2017 ሂዩስተን ላይ 4 ለ 0 ነበር፤ ጉሪዬል አቻ አደረገው። በ2019 ከዋሽንግተን ጋር በመጨረሻው ጨዋታ 3 ለ 1 እየመሩ ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ሬንዶንና ሶቶ በሁለት ተከታታይ ኳሶች ሁለት ሆም ራን መቱ። ተከታታይ መቺዎች ብቻ አላልኩም፤ ተከታታይ ኳሶች ናቸው። ታላቅ የሚባል ወርዋሪ መሪነት ይዞ እንዲህ ደጋግሞ አይሰጥም።

ከዚያ «ሂዩስተን ምልክት ሰርቋል» (የሚወረወረውን ኳስ ዓይነት ቀድሞ አውቋል) ትሉኛላችሁ። ሰርቋል፤ ሊጉ ራሱ በጃንዋሪ 2020 አጣርቶ ቀጥቷል። ግን ሴንት ሉዊስን ማን ሰረቀላት? አሪዞናን ማን ሰረቀላት?

የጉብታ ዳር፦

ጨው ጨምርበት፣ ነገሩ የልብ ሳይሆን የሰባተኛው ኢኒንግ ነው። ትንሽ ልዘርዝረው፤ ጊዜ ያለው ያንብብ።

ከርሾ በደጉ ዘመኑ የነበሩት ኳሶች ሦስት ናቸው፦ ፋስትቦል (ፈጣኑ)፣ ስላይደር፣ ከርቭ (ቀስ ብሎ በሰፊው የሚታጠፈው)። የሚታመን ቼንጅአፕ (ፈጣን መስሎ የሚዘገይ ኳስ) ኖሮት አያውቅም። ፋስትቦሉ ያኔ ወደ 94 ማይል (151 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ይደርስ ነበር፤ ስላይደሩ ከዚያ ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል፤ ከርቩ ግን 74 ማይል አካባቢ ነው። ስላይደሩ የሚገድለው ከእጁ ሲወጣ ፋስትቦል መስሎ፣ ሳህኑ (መቺው የሚቆምበት ቦታ) አጠገብ ሲደርስ በድንገት ወደ ታች ስለሚሰበር ነው። መቺው ለመወሰን ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ የለውም።

የቡድኑ መቺዎች ዘጠኝ ናቸው። 18 ሰው ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል፤ ያ ብዙውን ጊዜ ስድስተኛውና ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ይወድቃል። በየትኛውም ቡድን፣ በየትኛውም ዘመን ወርዋሪ በሦስተኛው ዙር ይዳከማል፤ ምክንያቱ ድካም ብቻ አይደለም፣ መቺው ኳሶቹን አይቷቸዋል። አራት ወይም አምስት ዓይነት ኳስ ያለው ሰው ለሦስተኛው ዙር ያላሳየውን ኳስ አስቀርቶ ይቆያል። ከርሾ የሚያስቀረው አልነበረውም። በሥራው ላይ ጌታ ነው፤ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሦስት ነው፤ ሦስቱንም እስከ አምስተኛው ኢኒንግ አውጥቶ ጨርሷል።

በመደበኛው ውድድር ይህ አይጎዳም። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ የሚገጥመው ቡድን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ከሥር ያሉት መቺዎችም ያሳልፉታል። ኦክቶበር ላይ ግን ዘጠኙም ይመታሉ፤ በዚያ ላይ ኳስ እየነካኩ ወደ ውጭ እየሰደዱ ቁጥሩን ያስቆጥሩታል። የ2013ቱን ስድስተኛ ጨዋታ ውሰዱ፦ ካርፔንተር በሦስተኛው ኢኒንግ 11 ኳስ አስወርውሮ ደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተከታትለው መቱት፤ ከርሾ በዚያ ኢኒንግ ብቻ 48 ኳስ ወረወረ። የሌላ ቀን የሦስት ኢኒንግ ሥራ ነው። አራተኛውን ጨረሰ፤ አምስተኛው ላይ ክንዱ ባዶ ነበር።

ወደ 2014ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ እንሂድ፤ ከሁሉም የሚያስተምረው እሱ ነው። እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ መጨረሻ ሁለት ብቻ ተመታ፤ ሁለቱም ሆም ራን ነበሩ፤ ውጤቱ 6 ለ 2። ሰባተኛው ኢኒንግ ሲጀመር ሆሊደይ ሲንግል (አንድ ቤዝ የሚያደርስ ምት)፣ ፔራልታ ሲንግል፣ ሞሊና ሲንግል፣ አዳምስ ሲንግል። አራቱም አንድ በአንድ ናቸው፤ አንዱም ግድግዳ አልነካም። እዚህ ላይ አሠልጣኙ ዶን ማቲንግሊ ከጎጆው ወጥቶ ሊቀይረው ይገባ ነበር። አልወጣም። ኮዝማ ስትራይክአውት፣ ጄይ ሲንግል፣ ታቬራስ ስትራይክአውት፤ አየህ፣ አሁንም የሚያልፋቸው አሉ፤ አሠልጣኙን ያታለለው ይኸው ነው። ከዚያ ካርፔንተር ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ሯጮች በደብል አስገባ። ከአራት ቀን በኋላም ያው አሠልጣኝ፣ ያው ወርዋሪ፣ ያው ሰባተኛ ኢኒንግ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ዳውላው ከርሾ ነው። ማቲንግሊ ያላወጣው ከጀርባ የሚያምነው ሰው ስላልነበረው ነው፤ ባዬዝ ሲገባ የሆነውን ከላይ ቁጥር አይዋሽም ጽፎታል። ስለዚህ ጥያቄው «ከርሾ ለምን ተመታ» ብቻ ሳይሆን «ያን ሰዓት እዚያ ምን ይሠራ ነበር» ጭምር ነው።

ማስረጃ ካላችሁ ደግሞ 2020ን ላሳያችሁ። በወርልድ ሲሪሱ የመጀመሪያ ጨዋታ አሠልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ከ6 ኢኒንግና ከ78 ኳስ በኋላ አወጣው፤ 1 ነጥብ፣ 8 ስትራይክአውት። በአምስተኛው ጨዋታ 5 ኢኒንግ ከ2 አውት ላይ፣ 85 ኳስ ሲሞላ አወጣው፤ ደጋፊው ጮኸበት፣ ሮበርትስ ግን አልተመለሰም። ድምር 11 ኢኒንግ ከ2 አውት፣ 3 ነጥብ፣ ኢአርኤ 2.31፣ ሁለት ድል። ክንዱ ያኔ ከ2014ቱ ደካማ ነበር። የተለወጠው የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ግራኝ ክንድ፦

የ2020 አምስተኛ ጨዋታ ከተነሳ አንድ ነገር አይለፈን። አራተኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 2፣ የተጋጣሚው ሯጭ ማኑኤል ማርጎት ሦስተኛ ቤዝ ላይ። ግራኝ ወርዋሪ ጉብታው ላይ ሲቆም ፊቱ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ጀርባው ወደ ሦስተኛው ነው፤ ሯጩን አያየውም። ከርሾ ደግሞ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ረጅም ቆም የሚል ልማድ አለው። ማርጎት ያችን ቆይታ ቆጥሮ ነጥብ ለማስገባት ወደ ሳህኑ በረረ።

ወርዋሪ እዚህ ላይ ደንግጦ መወርወሩን ጀምሮ ቢያቋርጥ ቦክ ይባልና ሯጩ በነጻ ይገባል። ከርሾ መጀመሪያ እግሩን ከጎማው (ወርዋሪው ከሚረግጠው ሰሌዳ) ላይ አነሳ። አንዴ እግሩ ከጎማው ከወረደ እንደማንኛውም ተከላካይ ነው፤ ወደፈለገው መወርወር ይችላል። ከዚያ ኳሱን ወደ ኳስ ያዡ ባርንስ ሰደደው፤ ባርንስ ማርጎትን ሳህኑ ጋ በጓንቱ ነካው፤ አውት። ከአንድ ሰከንድ ተኩል የማይበልጥ ነገር ነው። «ኦክቶበር ላይ ይርበተበታል» ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው።

ስለ «ግማሽ ዋንጫ» ደግሞ፦ በ2020 መደበኛው ውድድር አጠረ እንጂ ፕሌይኦፉ ረዘመ። 16 ቡድን ገባ፣ አንድ ዙር ተጨመረ፣ ዋንጫውን ለማንሳት 13 ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ነበር፤ ከወርልድ ሲሪሱ በፊት ባሉት ዙሮች ውስጥ የነበሩት የጉዞ ቀናትም ቀርተው በተከታታይ ቀን ነበር የሚጫወቱት። ከርሾ በዚያ ተጨማሪ ዙር ሚልዋኪን 8 ኢኒንግ ያለ ነጥብ፣ በ13 ስትራይክአውት አስተናግዷል። ግማሽ የሚለው ሰው ከየት አምጥቶ እንደሚቆርጠው አላውቅም።

ሰማያዊ ኮፍያ፦

የጉብታ ዳር፣ ይህን ያህል በዝርዝር አልጠበቅሁም፤ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሦስት ኳስ ብቻ ካለው፣ ፍጥነቱ ከወደቀ በኋላ እንዴት ቆየ? ሁለተኛ፣ ኮፋክስን ማንም አልነካውም።

የጉብታ ዳር፦

አጭሩን ልንገርህ። የወገቡ ዲስክ በ2016 ከተጎዳ በኋላ 200 ኢኒንግ ዳግም አልደረሰም፤ የመጨረሻው 2015 ነው፣ በዚያ ዓመት 301 ስትራይክአውት ነበረው። ፋስትቦሉ ቀስ በቀስ ወርዶ መጨረሻ ላይ 89 ማይል (143 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ደረሰ። ፋስትቦልና ስላይደር ሲቀራረቡ ብዙ ወርዋሪ ያበቃለታል፤ መቺው አንድ ፍጥነት ብቻ ጠብቆ ሁለቱንም ይመታል። እሱ የሠራው ስላይደሩን ዋና ኳስ ማድረግ ነው። ፋስትቦሉን ቀኝ መቺ ላይ ወደ ውስጥ፣ እጀታው ጋ ያሳየዋል፤ አውት የሚያደርገው ግን በስላይደሩ ነው። ከዚያ ዎክ (በአራት የሳተ ኳስ መቺን በነጻ ማሳለፍ) አይሰጥም። በ2022 12 ድል በ3 ሽንፈት፣ 2.28፤ በ2023 13 በ5፣ 2.46። በ37 ዓመቱ፣ በ2025፣ 11 በ2፣ 3.36። ለእኔ ከ2014ቱ 1.77 ይልቅ የሚገርመው ይህ ነው፤ ፍጥነት እያለ መግደል ሌላ፣ ፍጥነት ሄዶ መግደል ሌላ።

የሚጎዳው ነገር ደግሞ ይህ ዓይነት ወርዋሪ የስህተት ቦታ የለውም። የ2023 አሪዞና ጨዋታ ያ ነው፤ ትከሻው ተጎድቶ ነበር፣ ኖቬምበር ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ኳሱ መሃል ላይ ቀረ፤ ስድስት ሰው መታው። ያን ቀን መወርወር አልነበረበትም።

ቁጥር አይዋሽም፦

ኮፋክስን ልውሰደው።

በባዶ ዓይን ኮፋክስ በፕሌይኦፍ ያሸንፋል፤ 57 ኢኒንግ፣ 6 ነጥብ፣ ኢአርኤ 0.95። ግን 57 ኢኒንግ ሁሉም የወርልድ ሲሪስ ነው፤ በዚያ ዘመን ከወርልድ ሲሪስ በፊት ዙር የሚባል ነገር የለም፤ እሱ የመጣው በ1969 ነው። ከርሾ በአብዛኛው ዓመት ወርልድ ሲሪስ ከመድረሱ በፊት ሁለት ዙር ማለፍ ነበረበት።

ሁለተኛው ጉብታው ነው። እስከ 1968 ጉብታው እስከ 15 ኢንች ከፍ ይል ነበር፤ በ1969 ወደ 10 ኢንች ወረደ። አምስት ኢንች (13 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ኳሱ ከላይ ወደ ታች የሚመጣበትን ማዕዘን ግን ይለውጠዋል፤ ለከርቭ ወርዋሪ በተለይ። ያኔ ሁሉም ወርዋሪ ይጠቀም ነበር፣ ለዚህም ነው ቁጥሩን ከዘመኑ አማካይ ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገው። የተስተካከለው ኢአርኤ (100 አማካይ ሆኖ፣ ከፍ ሲል የሚሻልበት) ለኮፋክስ 131 ነው፤ ለከርሾ ከ150 በላይ። እዚህ ጋ ልዩነቱ የሚያከራክር አይደለም።

ሸክሙን ካየን ግን ኮፋክስ ሌላ ፍጡር ነው። በ1966 41 ጨዋታ ጀመረ፣ 27ቱን ራሱ ጨረሰ፣ 323 ኢኒንግ፣ 27 ድል፣ 1.73። ከርሾ በምርጥ ዓመቱ በ2014 27 ጨዋታ ጀመረ፣ 6 ጨረሰ፣ 198 ኢኒንግ ከ1 አውት። ያ ሸክም ደግሞ ኮፋክስን በ30 ዓመቱ ከሜዳ አስወጣው። በጠቅላላ ከርሾ 2,855 ኢኒንግ፣ ኮፋክስ 2,324። «የከርሾ የጨዋታ ዘመን አጭር ነው» የሚለው ክስ ከኮፋክስ ጋር ሲሆን ይገለበጣል።

ስለዚህ አምስት ዓመት ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ (1962–66) ኮፋክስ፤ ሙሉውን ሥራ ካላችሁኝ ከርሾ። አንድ ጨዋታ ብቻ፣ ኦክቶበር ላይ፣ ካላችሁኝ ኮፋክስን አልከራከርም።

ጨው ጨምርበት፦

በመጨረሻ ወደኔ መጣህ። አንድ ጨዋታ ካላችሁኝ ኮፋክስ ካልክ፣ እኔ ሌላ ምን አልኩ?

ቁጥር አይዋሽም፦

አንተ ያልከው «ልብ የለውም» ነው። እኔ ያልኩት ኮፋክስ 0.95 ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወርዋሪው ጀስቲን ቨርላንደርም በወርልድ ሲሪስ አንድ እንኳን ሳያሸንፍ ስድስት ጊዜ ተሸንፎ ነው በ2022 የመጀመሪያውን ያገኘው። ስለ እሱ ልብ ማንም አይጽፍም።

ዘጠኝ ኢኒንግ፦

ስለ የዝና አዳራሹ ማንም ስላላነሳ፦ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ የአምስት ዓመት ቆይታ፣ ከዚያ ከጸሐፊዎቹ 75 በመቶ ድምፅ። በ2025 ስለጨረሰ ስሙ ድምፅ የሚሰጥበት ለ2031 ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንደሚገባ አልጠራጠርም፤ የሚያከራክረው መቶ በመቶ ይሁን አይሁን ነው፤ ያን ያገኘው እስካሁን ማሪያኖ ሪቬራ ብቻ ነው። አንድ ግትር ጸሐፊ 4.62ን አይቶ ሊተወው ይችላል።

ለጸሐፊዎቹ ዋናው መከራከሪያ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ 3,000 ስትራይክአውት የሞሉት 20ኛው ሰው ነው፣ በጁላይ 2, 2025። ከግራኝ አራተኛው፣ ከካርልተን፣ ከራንዲ ጆንሰንና ከሳባቲያ ቀጥሎ። ሙሉ ዕድሜውን በአንድ ክለብ ጨርሶ እዚያ የደረሰ ደግሞ ዋልተር ጆንሰን፣ ቦብ ጊብሰንና እሱ፤ አራተኛ የለም።

ግራኝ ክንድ፦

በ2025ቱ ኦክቶበር ሁለቱንም ከርሾዎች አይተናል። ኦክቶበር 8 ከፊላዴልፊያ ጋር ከቡልፔን ገብቶ በ2 ኢኒንግ 5 ነጥብ ሰጠ፤ አራቱ በሒሳቡ ተጻፉ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑን ዘጋ።

ከዚያ ኦክቶበር 27፣ የወርልድ ሲሪሱ ሦስተኛ ጨዋታ፣ 12ኛ ኢኒንግ፣ አቻ፣ ሁለት አውት፣ ሦስቱም ቤዝ ሞልቷል። የሚመታው ግራኙ ኔታን ሉክስ ነው። ቆጠራው ሞላ፦ ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ። አንድ ኳስ ከሳተ ዎክ ነው፣ ነጥብ ይገባል። ሦስቱም ሯጭ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ መሮጥ ይጀምራሉ፤ ቀስ ያለ መሬት ለመሬት ኳስ ቢሆን እንኳን ለማስቆም ጊዜ ያንሳል። ሉክስ ወደ ሁለተኛ ቤዝ በኩል ቀስ ብሎ የሚንከባለል መታ፤ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ተላከ፤ አውት። ሌላ አልወረወረም። ዶጀርስ በ18ኛው ኢኒንግ በፍሬዲ ፍሪማን ሆም ራን 6 ለ 5 አሸነፉ።

አንድ መቺ። የጉብታ ዳር ያለው ነገር እስከ መጨረሻው ሲገፋ ይህ ነው፤ ሦስተኛ ዙር የለ፣ ሰባተኛ ኢኒንግ የለ፣ አንዴ ብቻ የሚያየው መቺ።

ሰማያዊ ኮፍያ፦

ለሁላችሁም ምስጋና። ከሦስቱ ጥያቄ ሁለቱ ተመልሶልኛል፤ የኮፋክሱ «የትኛውን ትጠይቃለህ» ሆኖ ተመለሰ፤ ይሁን። ለራሴ እንዲህ ጻፍኩ፦ ከልዩነቱ ትንሹ የቡልፔን፣ ብዙው ሦስተኛ ዙር ላይ ማቆየት፣ የቀረው የራሱ። የዘለልኩት ካለ አርሙኝ።

የጉብታ ዳር፦

ያንተ ልክ ነው፤ አንድ እርማት ያለኝ ለጨው ጨምርበት ነው። አዳምስ በ2014 የመታው ስላይደር አይደለም፤ ከርቭ ነው። ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። አዳምስ ግራ መቺ ነው፤ ግራ መቺ የግራኝን ከርቭ ሆም ራን መምታት በጣም ይከብደዋል፤ ኳሱ ከራሱ ጀርባ የመጣ ይመስለዋል። ከርሾ የመረጠው ትክክለኛውን ኳስ ነበር። ዝቅ ማለት የነበረበት ከርቭ ከፍ ብሎ ቀረ። ከ100 ኳስ በኋላ ጣት ሲደክም መጀመሪያ የሚሄደው የከርቭ ሽክርክሪት ነው፤ ያችኛዋ የቀኑ 102ኛ ኳሱ ነበረች።

ጨው ጨምርበት፦

ከርቭ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሬንዶንና ሶቶን ግን አልተውም።